ያገለገለ የናፍጣ መኪና ስንገዛ ምን እንገዛለን?

ከደብረ ታቦር ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው ጋፋት በሀገራችን የቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ያሰፈሩት፣ ሴባስቶፖል የተባለውም ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚህች መንደር ነው። አብዛኞቹ ባለሙያዎች መድፍ የማቅለጥ ልምድ ያልነበራቸው ሚስዮናውያን በመሆናቸው ሥራው የተሳካው ከተደጋጋሚ ሙከራና ውድቀት በኋላ ነበር። ይሁን እንጂ ከማቅለጡ ይልቅ ከባዱ ሥራ ማጓጓዙ ሆነ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ የሚደርሰው መድፍ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በፊቱ መንገድ እየተጠረገለትና እየተቆፈረለት፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጉዞ መሆኑ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ መሣሪያ ዋጋ የተሠራበት ወይም የተገዛበት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ በሚኖርበት መልክዓ ምድር ላይ ለማንቀሳቀስ የሚጠይቀው ጉልበት ጭምር መሆኑን ከሴባስቶፖል የተሻለ የሚያስረዳልን ምሳሌ ስለሌለ ነው። ዛሬ በዚያው ደጋ፣ ለዓመታት ያጠራቀመውን የእቁብ ገንዘብ፣ የባሕር ዛፉንና የከብቱን ሽያጭ አስተባብሮ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ለመግዛት የሚነሳ ቤተሰብ የሚገጥመው ጥያቄ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ጥያቄው «ስንት ተገዛ?» ሳይሆን «በዚህ ዳገት ላይ ስንት ዓመት፣ በስንት ወጪ ይሄዳል?» የሚለው ነው። እኛም ይህ ጥያቄ ለደላላ አንደበት የሚተው ሳይሆን በሳይንስ ሊመለስ የሚገባው ነው እንላለን።

ጉዳዩ ከወትሮው ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነበት ወቅት ላይ ነን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በመሆኑም አንድ ገዢ የሚመርጠው በአብዛኛው ቀድሞ ከገባውና በሀገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞረው መኪና ነው። መኪናው ያረጃል፤ ዋጋው ግን አብሮ አያረጅም። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ የሚሠራ ስሕተት የአንድን ቤተሰብ ጥሪት ይዞ ይሄዳል።

ናፍጣ ለምን ይመረጣል?

የናፍጣ ሞተር የጀርመናዊው መሐንዲስ የሩዶልፍ ዲዝል የፈጠራ ውጤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1897 በተደረገው ይፋዊ ፍተሻ ከነዳጁ ኃይል ሩብ ያህሉን ወደ ሥራ መለወጥ ችሏል። ይህ በዚያን ጊዜ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የላቀ ውጤት ነበር። ምሥጢሩ ከመታመቅ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር አየርንና ነዳጅን ቀላቅሎ ካመቀ በኋላ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ግን አየርን ብቻ ከ16 እስከ 22 እጥፍ አምቆ ሙቀቱን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያደርሰዋል፤ ከዚያም የሚረጨው ናፍጣ ያለ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። ከፍተኛ እመቃ ማለት ከፍተኛ ብቃት ማለት ነው። በተጨማሪም አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይዟል። ስለዚህ ጭነት ተሸክሞ በዝቅተኛ ፍጥነት ዳገት ለሚወጣ ተሽከርካሪ ናፍጣ መመረጡ ልማድ ብቻ ሳይሆን ፊዚክስም የሚደግፈው ነው።

በስስ አየር ውስጥ

ይሁን እንጂ በደጋው ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የኦክስጅን መጠን በሩብ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን እዚያው ያጣል። ባለቤቱ መኪናው «ደከመ» ብሎ ሲያማርር፣ የደከመው ሞተሩ ሳይሆን አየሩ ሊሆን እንደሚችል አይገነዘብም።

ከዚህም የባሰው ነገር አሮጌው የናፍጣ ፖምፓ የአየሩን መሳሳት የማያውቅ መሆኑ ነው። በቆላ እንደሚረጨው ያህል ናፍጣ በደጋም ይረጫል። ኦክስጅን ያላገኘው ነዳጅ ሳይቃጠል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። ያ ጢስ በገንዘባችን የተገዛ ናፍጣ ነው። ብዙዎች ጥቁር ጢስን የጉልበት ምልክት አድርገው ሲቆጥሩት እንሰማለን፤ እውነታው የብክነት ምልክት መሆኑ ነው። ፖምፓውን ለከፍታው በሚስማማ መጠን በባለሙያ ማስተካከል፣ የአየር ማጣሪያውንም በንጽሕና መያዝ ጉልበቱን ባይመልስ እንኳ ብክነቱን ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ስሱን አየር አምቆ ስለሚያስገባ በደጋ ብልጫ አለው፤ ነገር ግን ቱርቦው ራሱ ከተበላ ጥገናው ውድ ነው።

ከፍታ የሚነካው ሌላው ነገር የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። በደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በተለምዶ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልብ ይሏል። ይህን ልዩነት የሚያሰፋው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ላስቲኩ ያረጀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና በዳገት ላይ ይፈላል፤ ሳይታወቅ ከተነዳም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። በጥቂት ገንዘብ የሚተካ ክዳን የሞተርን ዕድሜ ይወስናል ማለት ነው።

ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር

ቁጥሮችን አስቀምጠን እንመልከት። ቻይናውያን ስለሠሩት በሕዝቡ ዘንድ «የቻይና መንገድ» እየተባለ በሚጠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ከወረታ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ እንጓዛለን። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 17.6 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል። ከአንድ ሊትር ናፍጣ ከሚገኘው 36 ሜጋ ጁል ገደማ ሞተሩ 30 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ፣ ለከፍታው ብቻ ከ1.6 ሊትር በላይ ይቃጠላል። የጎማና የነፋስ ግጭት ገና አልተቆጠረም። ግማሽ ቶን ጭነት ስንጨምር ወጪው በዚያው መጠን ያድጋል። ስለዚህ «ይህ መኪና በሊትር ይህን ያህል ይሄዳል» የሚል ንግግር ሽቅብ ወይስ ቁልቁል፣ ባዶውን ወይስ ተጭኖ የሚለውን ካልገለጸ ትርጉም የለውም።

ትክክለኛው መለኪያ ቀላል ነው። ታንኩን እስከ አፉ መሙላት፣ ከደብረ ታቦር ወረታ ወርዶ መመለስ፣ ከዚያም እዚያው ማደያ ላይ እንደገና እስከ አፉ ሞልቶ የገባውን ሊትር መቁጠር ነው። መነሻና መድረሻው አንድ ስለሚሆን ዳገቱና ቁልቁለቱ ሁለቱም በልኬቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ቁልቁለት ብቻ አስነድቶ ማታለልም አይቻልም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሙከራ ነው።

ቀላልነት ወይስ አዲስነት?

በሀገራችን ገበያ ላይ የሚገኙት ያገለገሉ የናፍጣ መኪኖች በሁለት ትውልድ ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ትውልድ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራው ነው። ባለ 2.8 እና ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ያላቸው አሮጌዎቹ ሃይሉክስና ሃይኤስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራው ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድ ክሩዘር ሞተር የዚህ ትውልድ አባላት ናቸው። ሁለተኛው ትውልድ ከሁለት ሺዎቹ መግቢያ ወዲህ የተስፋፋው በኮምፒዩተር የሚመራው ነው። ይህኛው ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት እጅግ አድቅቆ ስለሚረጭ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጢሱም ያነሰ፣ ድምፁም የለዘበ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? በወረቀት ላይ ሁለተኛው ያሸንፋል። ለስሌት እንዲመች በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ፣ አንዱ በሊትር 8፣ ሌላው 11 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሁለት መኪኖችን እናስብ። ልዩነቱ በዓመት 511 ሊትር ነው። ሊትሩን 100 ብር ብለን ብንይዝ ቁጠባው ከ51,000 ብር ይበልጣል። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ግፊት የሚሠራ ኢንጀክተር ለቆሻሻና ለውኃ ፈጽሞ ትዕግሥት የለውም። ማደያው ባዶ ሲሆን ናፍጣ በጀሪካን እየተቀዳ በሚሸጥበት አካባቢ ንጹሕ ነዳጅ ማግኘት ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም። አንድ ጊዜ ኢንጀክተሮቹ ከተበላሹ የዓመቱ ቁጠባ ይጠፋል፤ ብልሽቱን በኮምፒዩተር የሚመረምር ጋራዥ ፍለጋም መኪናው ተጭኖ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ሊሄድ ይችላል። በአንጻሩ የአሮጌውን ሞተር ቋንቋ የገጠር መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል።

በመሆኑም የእኛ አቋም የሚከተለው ነው። ኑሮው ከዋናው መንገድ ርቆ፣ በኮረኮንች ላይ ጭነትና ሰው ለሚያመላልስ ሰው በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራው፣ መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘው መኪና ይሻለዋል፤ ጥቂት ናፍጣ ቢበላም ሥራ አያስፈታውም። በአስፋልት ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዝና የታመነ ማደያ ያለው ግን ወደ አዲሱ ትውልድ ቢያዘነብል ስሌቱ ይደግፈዋል።

ገዢው ምን ይመርምር?

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ ከስም ይልቅ የያዙትን መኪና መመርመር ይበልጣል። ምርመራው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀመር። በደጋው ብርድ የታመቀው አየር በቂ ሙቀት የሚያገኘው የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ከሠሩና የፒስቶኖቹ ፋሻ ካልተበላ ነው። ገዢው ሲደርስ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀው ምክንያቱን ይጠይቅ። ቀጥሎ ጢሱ ይታይ። ጥቁር ከሆነ የነዳጅ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን፣ ሰማያዊ ከሆነ የዘይት መቃጠልን፣ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጢስ ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ወደ ሲሊንደር የሚገባ ውኃን ያመለክታል። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ጢስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ እመቃው ወደ ታች እያመለጠ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሊመለስ ስለሚችል ከእርሱ ይልቅ የተበላው የፔዳል ላስቲክና የመሪው ገጽ ይታመን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጣራ።

ከሁሉ በላይ ፍሬኑ ይፈተሽ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየሩን አንቆ ስለማይይዝ ቁልቁለት ላይ በራሱ የመያዝ ኃይሉ ያነሰ ነው። ዓለም በርን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነፃ አድርጎ መውረድ ሕይወትን አስይዞ ሳንቲም መልቀም ነው።

የሚነሳ ተቃውሞ

«የኤሌክትሪክ መኪና በመጣበት ዘመን ስለ አሮጌ ናፍጣ መጻፍ ወደ ኋላ መመለስ አይደለምን?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ የጋፋት ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ከኃይሉ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የናፍጣ ጢስ በበኩሉ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጧል። መጪው ጊዜ የናፍጣ ነው አንልም። ነገር ግን ባትሪ መሙያዎቹ በአብዛኛው በአዲስ አበባ ተከማችተው ባሉበት ሁኔታ፣ የደጋው ገበሬና ነጋዴ ለተወሰኑ ዓመታት ከአሮጌው ሞተር ጋር መኖሩ አይቀርም። የሚያጨሰውን ሞተር ማስተካከል ደግሞ ለኪስም ለሳንባም ይጠቅማል።

ይህን የምንጽፈው በተለይ ለተማሪዎች ነው። አብዛኞቻችን መኪና የምንገዛበት አቅም የለንም። ነገር ግን አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ሊገዛ ሲነሳ ከቤተሰቡ መካከል ስለ እመቃ፣ ስለ ግፊትና ስለ መፍያ ነጥብ የተማርነው እኛ ነን። የጋፋት ባለሙያዎች ያለ መማሪያ መጽሐፍ፣ በሙከራና በውድቀት ተማሩ። እኛ መጽሐፉ አለን። በክፍል ውስጥ ለፈተና ያጠናነውን ቀመር ይዘን በማለዳ ከቀዘቀዘው ሞተር አጠገብ ካልቆምን፣ ለወገን የሚደርሰው ትምህርታችን የቱ ነው?