ዓይን የማያየውን መርዝ ከዘሩ እንጀምረው

ወሎ በሻጋታ መርዝ ስትጎዳ የመጀመሪያዋ አይሆንም። በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977/78) ኤርጎት የተባለ ፈንገስ የያዘው ሲናር ከእህል ጋር ተፈጭቶ ተበላና የስንቱ ሰው እግር ጠቁሮ ቀረ፤ የሞቱም ነበሩ።

ያኛው ቢያንስ ጥቁር ነውና ለቃሚ ዓይን ይለየዋል። በበቆሎና በማሽላ የሚመጣው አፍላቶክሲን ግን መልክም ሽታም የለውም፤ ቢቀቅሉት ቢጋግሩት በቀላሉ አይጠፋም። ጥቂት በጥቂት ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ ሲበዛ ቶሎ ይገድላል። ጎረቤታችን ኬንያ በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) በተበከለ በቆሎ 125 ሰው ቀብራለች።

ታዲያ ጣት የሚቀሰረው ሁሌም ገበሬው ላይ ነው። «በደንብ አድርቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ አትክተት» ይባላል። ምክሩ ልክ ነው። ግን እኮ ፈንገሱ ብዙ ጊዜ የሚገባው በቆሎው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሐሩርና ድርቅ ሲመታው ነው! መጥፎ ጎተራ ያባብሰዋል እንጂ ሁሌ አይጀምረውም።

ስለዚህ ጥያቄው ከዘሩ ይጀምር። ዘዴው የታወቀ ነው፦ ተመራማሪው ፈንገሱን አባዝቶ፣ በቆሎው ጸጉር ካወጣ በኋላ እሸቱን ራሱ ይበክለዋል፤ ሲደርስ መርዙን ይለካል። ለምን ራሱ ይበክላል? ዝም ብሎ ቢጠብቅ ያልታመመው ተክል ጠንካራ ይሁን ዕድለኛ አይለይማ! አሜሪካኖች በዚህ መንገድ የተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ካወጡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ለዚህ ሥራ ደግሞ አገራችን የተመቸ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ መሀላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። የአፍላቶክሲኑ ፈንገስ ሙቀትና ድርቅ ይወዳል፤ ከፉዛሪየም ወገን ደግሞ ብርድና እርጥበት የሚስማማው አለ። አንዱ ጋ ያለፈ ዘር ሌላው ጋ ሊወድቅ ይችላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም እዚያው ወሎ ነው።

«መጀመሪያ ምርት ይብዛ» የሚል አይጠፋም። በኩንታል የሚቆጠር መርዝ ግን ምርት አይባልም! ሙሉ በሙሉ የሚቋቋም ዘር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ማድረቁም ማከማቸቱም አይቀርም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አዲስ ዝርያ ለገበሬው ሲሰጥ «በሄክታር ስንት ኩንታል?» ብቻ ሳይሆን «ሲበከል ስንት መርዝ ይይዛል?» የሚለውም ተለክቶ ይነገረው። ገበሬው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ብቻውን ተጠንቀቅ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።