የእረኛ ማት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ለአዲስ ተማሪዎች በተዘጋጀ የቼዝ ውድድር ላይ ተመዘገብኩ። (ድፍረቴ!) ወግዲ ሳድግ የማውቀው ገበጣ ነው፤ ቼዝ የለመድኩት ዶርም ውስጥ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ተጋጣሚዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። በአራተኛው እርምጃ ንግሥቱ፣ ጳጳሱን ደጀን አድርጋ፣ ከንጉሤ አጠገብ ያለውን ወታደር በላች። አለቀ! ልጁ ሰዓቱን አስቁሞ እጁን ዘረጋልኝና "የእረኛ ማት ይባላል" አለኝ።

ስሙ በፈረንሳይኛም በስፓኒሽም እንዲሁ ነው አሉ። በግ ስጠብቅ ላደግኩት ለእኔ ግን ስድብ መስሎኝ ነበር።

እኔ የምለው… በጀማሪ ልጆች ውድድር የሚያሸንፈው ያሰበው ነው ወይስ ቀድሞ የሰማው? ቀድሞ የሚሰማው ደግሞ አሰልጣኝ ያገኘ ልጅ ነው። ከደጋ የመጣችው ልጅ ሳታስብ ትሸነፋለች፤ ለማሰብ ጊዜ ስላልደረሳት።

የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ላይ ይቺ ማት አትሠራም። የዛሬዋ ጉልበተኛ ንግሥት አውሮፓ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጣች ናት፤ የእኛው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። ጨዋታው በ"ወረራ" ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። በግንብ ወይም በፈረስ ማሸነፍ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር፤ የሚያስመሰግነው በደካሞቹ ጠጠሮች ንጉሡን መያዝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ የከበቧቸው ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ በጨዋታው ይገቡ እንደነበር ጽፏል። ዛሬ ቢሆን ዳኛው ከአዳራሹ ያስወጣቸዋል።

ፊዴ ሰንጠረዥን አያውቅም፣ ልጆቹን ወደ ኋላ ትመልሻለሽ ትሉኝ ይሆናል። ቼዝ ይቅር አላልኩም። ለጀማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ወራት በሰንጠረዥ እናስጀምር ነው የምለው፤ ወጥመድ ከመሸምደዳቸው በፊት ጠጠር ማስተባበር ይልመዱ።

ባለፈው ክረምት ወግዲ ስሄድ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር መስመር ሰፍቼ ለታናሽ ወንድሜ ወሰድኩለት። ወረራውን ሳስረዳው ዓይኑ ፈጠጠ።

"ተራ የለም ማለት እኮ… እትዬ፣ አንቺ እስክታስቢ እኔ ጨረስኩ ማለት ነው!"

ሦስቴ አሸነፈኝ።