አዝመራውን የሚያበቅለው ማነው?

ልጆቻችሁ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ሰዎች ለማን እንደሚሰግዱ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ብዙ ወላጅ ልጁ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ይጠይቃል። በጨዋታው ውስጥ ደም መፍሰስ፣ ብልግናም መታየት አለመታየቱን የሚመረምርም አለ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ሆኖም ከሁለቱም የሚበልጠውን ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያነሳ ጥቂት ነው፦ በዚያ ዓለም ውስጥ ዝናቡን የሚያወርደው፣ እህሉን የሚያበቅለውና ምስጋና የሚቀርብለት ማነው?

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በታሪኩ ውስጥ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ የፈጠረው «ፎርጎትን ሪልምስ» የተባለ ምናባዊ ዓለም ለዚሁ ጨዋታ መድረክ ሆኖ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2023 የቤልጅጉ ላሪያን ኩባንያ ያወጣውና ለአዋቂዎች ነው የተባለለት «ባልዱርስ ጌት 3» የተሰኘው የኮምፒዩተር ጨዋታም የሚካሄደው በዚሁ ዓለም ውስጥ ነው። ካህን ሆኖ መጫወት የፈለገ ሰው ከቀረበለት ዝርዝር ውስጥ «አምላኩን» ይመርጣል።

በዚህ ምናባዊ ዓለም አማልክቱ እንደ ሱቅ ዕቃ በየዓይነታቸው ተደርድረዋል። ለማዕበል ታሎስ፣ ለባሕር ኡምበርሊ፣ ለንጋት ላታንደር አለ። ለእርሻና ለመኸር ደግሞ ቾንቲያ የተባለች ተመድባለች። «ታላቋ እናት» ይሏታል። ዓርማዋ የእህል ዛላና ጽጌረዳ ነው። ገበሬው ሲዘራ ይለምናታል፤ ሲያጭድ ያመሰግናታል። ካህናቷ ይተክላሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ አፈሩን ይንከባከባሉ። መኸር ሲደርስ ታላቅ ጸሎት ይደረግላታል። ጦር አትወድም፤ ቁጣዋም የዘገየ ነው። ባጭሩ ደግ አሮጊት ናት።

ታዲያ ይህች ደግ አሮጊት ምን አደረገችን? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

ጩኸቱ የሳተው ዒላማ

በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጨዋታ ላይ ብርቱ ዘመቻ ተከፍቶ ነበር። አንዳንድ የክርስቲያን ቡድኖች ጨዋታው ልጆችን ወደ ጥንቆላና ወደ ሰይጣን አምልኮ ይመራል፣ ራሳቸውንም እንዲያጠፉ ያደርጋል ብለው ጮሁ። ለክሱ የሚሆን ማስረጃ ግን አልተገኘም። እኛ ሙስሊሞች ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ ታዘናል። ስለዚህ ያልተረጋገጠውን ክስ ከሌላ ቤት ተውሰን አናስተጋባም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። አሳታሚው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ «ዲመን» እና «ዴቭል» የሚሉትን ቃላት አወጣ። ፍጡራኑም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ስም ወጥቶላቸው ተመለሱ። አማልክቱ ግን ከነስማቸው፣ ከነካህናታቸው፣ ከነበዓላቸው ባሉበት ቀሩ። ቀንድና ጅራት ያለው ነገር ወላጆችን አስደነገጠ፤ ነዶ የታቀፈችው «እናት» ግን ማንንም አላስደነገጠችም።

ለተውሂድ ሰው ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰይጣን በቀንዱ ከመጣ ልጅም ያውቀዋል። ሺርክ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባማረ ልብስ፣ በምስጋናና በፍቅር ስም ነው። የነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ) ሕዝቦች ያመለኳቸው ወድ፣ ሱዋዕ፣ የጉሥ፣ የዑቅና ነስር ቀድሞ የደጋግ ሰዎች ስሞች እንደነበሩ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያወሱትን ኢማሙል ቡኻሪ ዘግበውታል። ምስሎቹ መጀመሪያ የቆሙት ለማስታወሻ ነበር። ያቆሟቸው ሰዎች ሞተው ዕውቀቱ ሲጠፋ ተመለኩ። በሩ የተከፈተው በክፋት ሳይሆን በመልካም ትዝታ ነው።

«ጨዋታ እኮ ነው!»

«ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነውን? ቾንቲያን በእውን የሚያመልክ ሰው የለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ የለም። ይህን የተጫወተ ሁሉ ከእምነቱ ወጣ ማለታችንም አይደለም። እንዲህ ያለው ፍርድ የዑለማዎች እንጂ የመጽሔት ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ምናብንም በጅምላ አናወግዝም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ ክንፍ ያለው የፈረስ መጫወቻ ነበራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ቢጠይቋቸው የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ሲሉ መለሱላቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሳቁ። አቡ ዳዉድ የዘገቡት ሐዲስ ነው። ክንፋም ፈረስ ያሳቃል እንጂ አያስኮንንም።

ነገር ግን ክንፋሙ ፈረስ «ለእኔ ስገዱ» አላለም። ጨዋታ ደግሞ ያስተምራል፤ «ጨዋታ ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች ራሳቸው ልጆቻቸው በጨዋታ ቋንቋና ሒሳብ ሲማሩ ደስ ይላቸዋል። ቋንቋና ሒሳብ የሚያስተምር ጨዋታ ስለ አምላክ ምንም አያስተምርም ማለት እንዴት ይሆናል? እንግዲያውስ ይህ ዓለም ምን እንደሚያስተምር እንመርምር።

ሦስት የተሳሳቱ ትምህርቶች

አንደኛ፦ አምላክ አምላኪ ያስፈልገዋል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጡት የፎርጎትን ሪልምስ ልብ ወለዶች ታሪክ መሠረት የአማልክቱ ኃይል በአምላኪዎቻቸው ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ተደነገገ። አምላኪ የበዛለት ይገናል፤ ያጣ ይከስማል። ልብ በሉ! ይህች «የእህል እናት» እንኳ በገበሬው ጸሎት የምትኖር ጥገኛ ናት ማለት ነው። መጋቢዋ ራሷ ተመጋቢ ሆነች! አላህ (ሱ.ወ.) ግን አል-ገኒይ ነው፤ ከዓለማት ሁሉ የተብቃቃ። እኛ ብናመሰግን ጥቅሙ ለራሳችን ነው፤ ብንክድም ከንግሥናው ቅንጣት አናጎድልም። አምላክን አጉራሽ አድርጎ የሚያስብ ልጅ ሶላቱንም ለአላህ የዋለለት ውለታ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

ሁለተኛ፦ የበላዩ ሩቅ ነው ይላል። በዚያ ዓለም ከአማልክቱ ሁሉ በላይ ኤኦ የተባለ አለ። ነገር ግን አምልኮ አይሻም፤ ጸሎት አይሰማም፤ ከሰዎች ጉዳይ የራቀ ነው። ስለዚህ ሰው ጉዳዩን ይዞ ወደ ታችኞቹ ይሄዳል። ይህን አስተሳሰብ የት እናውቀዋለን? በመካ! ሙሽሪኮቹ ፈጣሪን አልካዱም። ከሰማይ ውሃ አውርዶ ምድርን ከሞተች በኋላ ሕያው ያደረጋት ማነው ተብለው ቢጠየቁ አላህ ነው እንደሚሉ ሱረቱል ዐንከቡት በ63ኛው አንቀጽ ይነግረናል። ጥፋታቸው ለጉዳያቸው ወደ ሌላ መሄዳቸው ነበር። ሱረቱል አንዓም 136ኛ አንቀጽ ደግሞ ከእኛ ርዕስ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከአዝመራቸውና ከከብቶቻቸው ይህ ለአላህ፣ ይህ ለአጋሮቻችን እያሉ ይከፍሉ ነበር። ያውም ለአላህ ያሉት ወደ ጣዖታቱ ሲሻገር የጣዖታቱ ድርሻ ወደ አላህ አይሻገርም ነበር። እንግዲህ የመኸር «አምላክ» የዘመናችን ፈጠራ አይደለችም። ግሪኮች ዴሜጥር፣ ሮማውያን ሴሬስ ይሏት ነበር። ቁርኣን ከአሥራ አራት ምዕተ ዓመት በፊት መልስ የሰጠበት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፦ የቱም ይሁን፣ ብቻ አንዱን ምረጥ ይላል። ለብዙ ዓመታት በታተሙት መጻሕፍቱ ውስጥ አንዱንም አምላክ ያልያዘ ሰው ከሞት በኋላ ይቀጣ ነበር። የያዘ ግን የትኛውንም ቢይዝ ወደ መረጠው ይሄዳል። እውነትና ሐሰት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ምርጫ ብቻ ነው። ልጃችሁ ነገ ከጓደኛው አፍ «የአንተም ሃይማኖት ምርጫ ነው፣ የእኔም ምርጫ ነው» የሚል ቃል ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም፤ በጨዋታው ኖሮበታል።

ምስጋናው ወደ ማን ይሂድ?

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። በከተማም ሆነ በባሕር ማዶ ያደገ ልጅ አውድማ አላየም። እንጀራው ከሱቅ፣ ዳቦው ከመደርደሪያ ይመጣል። የዘገየ ዝናብ የሰውን ፊት እንዴት እንደሚያጠቁር አያውቅም። እንዲህ ላለው ልጅ እህል በጸሎት የሚጠበቅ፣ በምስጋና የሚታጨድ ነገር መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችው ይህች የጨዋታ «እናት» ብትሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን በተጀመረው፣ በእንግሊዝኛ «ሃርቨስት ሙን» በተባለው የእርሻ ጨዋታ ተከታታይ ውስጥም በአንዳንዶቹ ልጁ ካመረተው ሰብል ወስዶ ወደ ኩሬ ይጥላል፤ የመኸሯ «አምላክ»ም ትገለጥለታለች። ስጦታ ማቅረብን ጣቱ ለመደው ማለት ነው። በቤቱስ ስለ ሪዝቅ ማን ነገረው?

በሑደይቢያ ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ አደረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ሰዎቹ ዞረው አላህ ያለውን ነገሯቸው፤ በአላህ ችሮታ ዘነበልን ያለ በእርሱ አማኝ፣ በእንዲህ ያለ ኮከብ ዘነበልን ያለ ደግሞ በእርሱ ካሃዲ ሆኖ አደረ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዝናቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ምስጋናው የተላከበት አድራሻ ነው። አንድ ቃል ይህን ያህል ከከበደ፣ ልጆቻችን ምስጋናን የሚማሩበት ቦታ እንዴት ይቀለን?

«ልጁ የወደደው እኮ ተፈጥሮን መንከባከቧን ነው» ትሉን ይሆናል። ይህ ከሆነማ ወደ ራሱ ቤት አስገቡት! ቂያማ ሲቆም በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ያዘዙት የእርሱ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ያበሰሩትም እርሳቸው ናቸው። ለመኸሯ «እናት» የሚቀርበው መባ ወደ ኩሬና ወደ መሠዊያ ነው። የእኛ ዲን ግን በአጨዳው ቀን ሐቁን ስጡ ሲል ተቀባዩ ድሃ ነው። በዝናብ የበቀለው አንድ አሥረኛ ይወጣበታል፤ በድካም ውሃ የጠጣው ግን አንድ ሃያኛ ብቻ። መነሻው አምስት ወስቅ፣ ማለትም 300 ቁና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስፈሪያ፣ በሷዕ ነው። የገበሬው ላብ እንኳ በሒሳቡ ገብቷል! የሱረቱል ቀለም የአትክልት ባለቤቶች ሚስኪን ሳይደርስ ማልደን እንልቀም ብለው ተማማሉ፤ ሌሊቱን ግን አዝመራቸው ጠፍቶ አደረ። ልጅን የሚመስጥ ታሪክ ጠፍቶብን አይደለም፤ ተራኪ ጠፍቶ ነው እንጂ።

ምን እናድርግ?

ኮምፒዩተሩን መስበር መፍትሔ አይደለም፤ የተሰበረ ዕቃ ጥያቄ አይመልስም። አይቶ እንዳላየ ማለፍም አደራን መብላት ነው። ወላጅ ሆይ! ልጅህ አጠገብ ቁጭ በልና አጫውተኝ በለው። ይህች ማናት? አምላኪዎቿ ቢተዋት ምን ትሆናለች? ብለህ ጠይቀው። ትዳከማለች ካለህ፣ የምትዳከም እንዴት አምላክ ትሆናለች? በለው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ከሕዝቦቻቸው ጋር የተከራከሩት ኮከቡና ጨረቃው ሲጠልቁ እያሳዩ አልነበረምን? ካህን ሆኖ አምላክ መምረጥ የግድ የሚሆንበትን ጨዋታ ግን ይተወው፤ በጨዋታም ቢሆን ምላሱ ከአላህ ሌላ ያለን አይለምን። ለምን እንደከለከልከውም ንገረው።

እናት ሆይ! ማዕድ ሲቀርብ ቢስሚላህ ማለትን ብቻ አታስተምሪው፤ የዚህን እንጀራ ጤፍ ማን እንዳበቀለው ጠይቂው። ሱረቱል ዋቂዓህ ከ63ኛው አንቀጽ ጀምሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ዘሪው ሰው ነው፤ አብቃዩስ? በጣሳም ቢሆን ባቄላ ይዝራ፤ ያጠጣ፤ ይጠብቅ። ቡቃያው ሲወጣ ከመስኮቱ ዳር አቁመሽው ጥያቄውን ድገሚለት።

በምናብ ዓለም የእህል «እናት» ያመሰገነችውን አፍ ትፈልጋለች። የእኛ ጌታ ግን የሚያመሰግነውንም የማያመሰግነውንም ይመግባል። ልጆቻችን ይህን ልዩነት ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰሙታል?

አላህ ምስጋናችንን ለእርሱ ብቻ ያድርግልን፤ ዝርያዎቻችንንም በተውሂድ ላይ ያጽናልን። አሚን!