ሊያድን ለሮጠውም ማስጠንቀቂያ ይድረሰው

የአደጋ ጊዜ ግንኙነት ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ተጎጂው «ድረሱልኝ» የሚልበት መስመር ነው። ለመርዳት የሮጠው ሰው ራሱ «ተመለስ» የሚባልበት መስመር ከሌለ ግን፣ አዳኙ ቀጣዩ ተጎጂ ይሆናል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነው ይኸው ነበር። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ሲቀብር የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ከጎረቤቱ ጋር ተባብረው አፈሩን ሲቆፍሩ፣ በክረምቱ ዝናብ የራሰው ተራራ ዳግም ተደርምሶ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወገን ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። የሚንሸራተትን ተራራ የሚያቆም ሬዲዮ የለም፤ ነገር ግን ከናዳው ክልል ውጭ ቆሞ ዳገቱን የሚከታተል አንድ ሰውና በእጁ የያዘው የሬዲዮ መገናኛ፣ ከታች ላሉት የመሸሻ ጊዜ ሊያተርፉላቸው ይችላሉ።

ጉዳዩ የድህነት ብቻ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሽብር ጥቃት ከተመቱት መንትያ ሕንፃዎች የመጀመሪያው ከወደቀ በኋላ፣ የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ሁለተኛውም ሊወድቅ መሆኑን ለባልደረቦቻቸው በሬዲዮ ቢያስጠነቅቁም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሌላ መስመር ይሠሩ ስለነበር መልእክቱ አልደረሳቸውም፤ በዚያ ቀን 343ቱ ሞተዋል። አሜሪካ ለአደጋ ሠራተኞች የጋራ ኔትወርክ እንዲቋቋም በሕግ የደነገገችው ከ10 ዓመት በላይ ዘግይታ ነው።

በአዲስ አበባ ዛሬም እሳት ሲነሳ 939፣ ፖሊስ ሲፈለግ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሲፈለግ 907 ይደወላል፤ በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ሦስት ቁጥር እንዲያስታውስ መጠበቅ አግባብ አይደለም። ይህ ጋዜጣ አንድ የጥሪ ቁጥር፣ ከዚያም በላይ እሳት አደጋ፣ ፖሊስና አምቡላንስ በአደጋው ቦታ እርስ በርስ የሚደማመጡበት አንድ የጋራ የሬዲዮ መስመር ሊኖር ይገባል ብሎ ያምናል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ይህን ሊተካ አይችልም፤ አደጋ በደረሰበት ሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማማው በባትሪ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ስልክ የሚጠቅመው በሴል ብሮድካስት፣ ማለትም አንድ ማማ በክልሉ ላሉ ስልኮች ሁሉ ቁጥራቸውን ማወቅ ሳያስፈልገው በአንድ ጊዜ የማስጠንቀቂያ መልእክት በሚያሰራጭበት ዘዴ ነው፤ መልእክቱም ነዋሪው በሚናገረው ቋንቋ መሆን ይኖርበታል።

ዋናው ሥራ ግን በቀበሌ ደረጃ ነው፤ ቀድሞ የሚደርሰው ሁልጊዜ ጎረቤት ነውና። የፌዴራልና የክልል የአደጋ ስጋት አመራር መሥሪያ ቤቶች ከመጪው ክረምት በፊት ናዳ በሚያሰጋቸው ቀበሌዎች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሬዲዮ መገናኛዎችን ያድርሱ፣ ዳገት ጠባቂዎችን ይመድቡ፣ ነዋሪውም የመሸሻውን ምልክት ሰምቶ አካፋውን ጥሎ መሮጥን አስቀድሞ ይለማመድ።