ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም የላከ ንጉሥ

ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግረው የናግራንን ክርስቲያኖች ያሳደደውን የሒምያር ንጉሥ ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ፣ ትውፊታችን እንደሚተርከው፣ ዘውዳቸውን በጌታ መቃብር እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ልከው አክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኮሱ። በትሕትና ላይ ያተኮረውን ይህን እትም ስናዘጋጅ ደጋግመን ያነሣነው ታሪክ ነው። የተሸነፈ ሰው ቢያጎነብስ ማን ይደነቃል? ካሌብ ዝቅ ያሉት ሁሉ በሚሰግድላቸው ሰዓት ነው።

ስለ ትሕትና ዋጋ ሲነሣ ብዙዎች የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14ን የሰርግ ወንበር፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ወደ ላይ የሚጠራበትን፣ ይጠቅሳሉ። ነገር ግን ወደ ላይ እንዲጠሩት ብሎ በሩ ሥር የሚቀመጥ ሰው (እኛ ዘንድ ሞልቷል፤ «ግድ የለም፣ እዚህ ይሻለኛል» እያለ አሳላፊውን በዓይኑ የሚፈልግ) ያው ወንበር ፈላጊ ነው። በእኔ እይታ የትሕትና የመጀመሪያ ዋጋ ዕረፍት ነው፤ የራስን ሥራ ከመቁጠር ማረፍ። በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 18 ፈሪሳዊው በእግዚአብሔር ፊት ጾሙንና ዐሥራቱን ሲቆጥር፣ ቀራጩ የሚቆጥረው አልነበረውም፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የሄደው ግን እርሱ ነው።

በውስጥ ገጾች ስለ ጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር፣ ካህናት በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናንን እግር ስለሚያጥቡበት ሥርዓት፣ ሰፊ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ሌላው ጽሑፍ ይከብዳል፦ ባሏ የሚመታትን ሴት «ትሑት ሁኚ፣ ቻይው» ብሎ መምከር ተገቢ ነው ወይ? እኔ በፍጹም አይደለም እላለሁ። የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች ግን በመልሱ አልተስማማንም፤ ስለዚህ ሁለቱንም አሳብ ጎን ለጎን አትመናል።