ቃልን ከባለቤቱ ጋራ ስለ መጻፍ

አንድ ተማሪ ድርሰት እንዲጽፍ በታዘዘ ጊዜ ከመጽሐፍ ሦስት መስመር ወስዶ በራሱ ቃል መካከል ቢያገባ፥ ድርሰቱ ያማረለት ይመስለዋል። አስተማሪው ግን ሲያነበው ቶሎ ያውቀዋል፤ ባረጀ ነጠላ ላይ አዲስ ጥለት እንደ መስፋት ነውና። «ይህ ቃል የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀውም ልጁ አንገቱን ይደፋል።

የዚህ ልጅ ጥፋቱ ከመጽሐፍ መውሰዱ አይደለም። ከሌላ ሰው ሳይማር የጻፈ ሰው ከቶ የለም። ጥፋቱ የሰጠውን ሰው መሰወሩ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ዕውቀት እንደ ወንዝ ውሃ የሁሉ ናት፤ ስለ ምን ባለቤት ይፈለግላታል?» ይላሉ። መልካም፤ ውሃ የሁሉ ይሁን። ነገር ግን መንገደኛ ቢጠማውም እንኳ ሳይጠጣ አስቀድሞ «ከየት የተቀዳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ ምንጭ ጥሩ ሲሆን በሌላው አልቅት አለበትና። አንባቢም ነገሩን ከማመኑ በፊት ምንጩን ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ነበረ። የተወለደው በኤርፉርት ከተማ በ1624 ዓመት ነው፤ ዓመቱም በፈረንጅ ቍጥር ነው። የግዕዝን ቋንቋ ይወድ ነበርና ከመጻሕፍት ተማረ፤ በዕድሜው ሙሉ ግን ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም። በ1649 ወደ ሮማ በሄደ ጊዜ በዚያ የሚኖሩትን የኢትዮጵያ መነኮሳት አገኘ። ከእነርሱም አንዱ የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግንቡ ጠራቸው። በዚያም ሉዶልፍ ስለ ምድሩና ስለ መንግሥቱ፥ ስለ ሕዝቡ ልማድና ስለ ቋንቋው ሲጠይቅ፥ እርሳቸው ሲመልሱ ሰነበቱ። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ።

ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ ያሳተመው በ1681 ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 23 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ስማቸውን ቢያስቀር ማን ይከሰው ነበር? ባለቤቱ በባሕር ቀርተዋል፤ አገራቸውም ሩቅ ናት። እርሱ ግን የመምህሩን ስም በመጽሐፉ ጻፈ። ከእርሳቸው የሰማውን ከእርሳቸው መሆኑን፥ ከፖርቱጋል ጸሐፊዎች ያገኘውንም ከእነርሱ መሆኑን አስታወቀ። በ1691 ባወጣው በሌላው መጽሐፍ ደግሞ የጻፉለትን ደብዳቤ አሳተመ፤ መልካቸውንም በሥዕል አኖረ። ስለዚህ ዛሬ ሊቃውንት የሉዶልፍን ሥራ ሲመረምሩ፥ ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ የወጣውንና ሌላው የጻፈውን ለመለየት መንገድ አላቸው፤ ስሕተትም ቢያገኙ ከወዴት እንደ መጣ መከተል ይችላሉ። የመካነ ሥላሴው መነኩሴም ስማቸው አልጠፋም። የሉዶልፍ ክብር በዚህ ጎደለን? አልጎደለም፤ የኢትዮጵያን ትምህርት በፈረንጅ አገር ያቀና እርሱ ነው ይሉታል።

ባገራችንም እንዲህ ያለ ሥራ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ብዙ ዘመን ደከሙበት። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የታተመው ግን በአለቃ ኪዳነ ወልድ ስም ነው።

እንግዲህ ተማሪ የጸሐፊውን ስም፥ የመጽሐፉን ስም፥ የታተመበትን ዓመትና ገጹን ይጻፍ። ቃሉን እንዳለ የወሰደ እንደ ሆነ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያግባው። አሳቡን ብቻ ወስዶ በራሱ ቃል ቢጽፈውም ባለቤቱን ከመጥራት ነጻ አይወጣም፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። የሰው ልብስ ቀለም ቢነከር ያው የሰው ልብስ ነው። «ይባላል» ብሎ ማለፍም ለምስክር አይበቃም፤ ማን እንዳለው አይታወቅምና።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ያልገለጠውን መጽሐፍ እንዳነበበ አድርጎ የሚጠቅስ ነው። ነገሩን ያገኘው ከባልንጀራው ደብተር ነው፤ ይህን መናገር ግን ያሳፍረዋልና የትልቁን መጽሐፍ ስምና ገጽ ከዚያው ይገለብጣል። ባልንጀራው ገጹን ተሳስቶ የጻፈ እንደ ሆነ ስሕተቱም አብሮ ይገለበጣል። አስተማሪው መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ ያን ገጽ በገለጠው ጊዜ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ከዚያም የልጁን ድርሰት እንደ ገና ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ መመርመር ይጀምራል።