30 ይበቃችኋል ያለን ማነው?

ጌም የማትጫወቱ አንድ ደቂቃ ታገሱን። ስክሪን ላይ የምታዩት እንቅስቃሴ የሥዕሎች ሰልፍ ነው፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 30 ሲሆን አንዱ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል፣ 60 ሲሆን ደግሞ 17 ገደማ። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች? ማውስ ይዛችሁ በፍጥነት ዞር በሉና ንገሩን።

ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 የተሠራ ጌም 30 ላይ ቢገደብ ጠብ የለንም። የማሽኑ አቅም ነው። ጠባችን ገደቡ ከነጓዙ ወደ ፒሲ ሲዛወር ነው። ሰው ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ግራፊክስ ካርድ የሚገዛው ለሳሎን ጌጥ መሰላቸው እንዴ?

«ዳርክ ሶልስ»ን እንይ። ተጫዋቾች በአስር ሺዎች ፈርመው ለፒሲም ይውጣልን ብለው ለመኑ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ወጣላቸው፤ 30 ላይ ታስሮ፣ ምስሉም የፈለጋችሁትን ስክሪን ብትገዙ ከ1024 በ720 የማይዘል ሆኖ። የምስሉን ገደብ በወጣበት ቀን የፈታው ኩባንያው አይደለም፤ ማንም የማይከፍለው አንድ ተጫዋች ነው፣ ያውም በነፃ። በኋላ ማስተካከያው 60 ፍሬምንም ፈቀደ።

እውነቱን ለመናገር 60 ላይ ሌላ ጉድ መጣ። በመሰላል ተንሸራቶ የሚወርደው ጀግና አንዳንዴ ወለሉን ጥሶ ይወድቃል። ለምን? የጌሙ ሰዓት የሚቆጥረው ሰከንድን ሳይሆን ፍሬምን ስለሆነ። ኮዱ «በየፍሬሙ ይህን ያህል ሂድ» ካለ፣ ፍሬሙ ሲበዛ ዓለሙ ሁሉ ይዛባል። በ2013 የወጣው «ኒድ ፎር ስፒድ ራይቫልስ» ገደቡ ሲነሳ መኪኖቹ በእጥፍ ፈጠኑ። በ«ዳርክ ሶልስ 2» ፒሲ ላይ መሣሪያ በእጥፍ ፍጥነት ያልቅ ነበር፤ በ2014 የወጣ ጌም እስከ 2015 ሳይታረም ቆየ። መፍትሔው ምስጢር አይደለም፤ እንቅስቃሴን ባለፈው ጊዜ ልክ ማስላት ነው። ብዙ ጌሞች ድሮም እንዲህ ነው የሚሠሩት።

ደግሞ «ሲኒማ እንዲመስል ነው» የሚሉን አሉ። በ2014 ከዩቢሶፍት ሰዎች ስለ «አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ» ይህንኑ ሰምተናል። ፊልም በ24 የሚያምረው ካሜራው እንቅስቃሴውን አደብዝዞ ስለሚይዘው ነው። ፊልም ተመልካች ደግሞ መሪ አልያዘም! እኛ ይዘናል።

በጁን 2015 «ባትማን አርካም ናይት» ፒሲ ላይ 30 ላይ ተገድቦ፣ እየተንገጫገጨም ወጣ። ገደቡን ለማንሳት የሴቲንግ ፋይሉን ከፍቶ በእጅ ማረም ነበረባችሁ። ስቲም ለገዢ ገንዘብ የመመለስ አሠራሩን የጀመረው በዚያው ወር ነበር። ጌሙ በቀናት ውስጥ ከሽያጭ ታገደ፣ የተመለሰውም በኦክቶበር ነው። አያችሁ፣ ሲፈሩ ይሰማሉ።

«ኤልደን ሪንግ» በ2022 60 ላይ ተገድቦ ሲመጣ ግን አብዛኞቻችን አጨበጨብን። እኛም ጭምር፤ ጌሙ ግሩም ነዋ። ቢያንስ ገደቡን ከዋጋው ጎን በጉልህ ይጻፉልንና አይተን እንግዛ።